«ጣራ ብቻ ነው የቀራት» የተባለች ሚያታ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ማዝዳ ሚያታ፣ 2001 ሞዴል፣ ሞተር ንጹህ፣ ጣራ ብቻ ትፈልጋለች»። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። «የሸራ ጣራ ስንት ቢሆን ነው?» ትሉና ልባችሁ ይሄዳል።

ቆይ! ብዙ ሰው የሚከስረው «ብቻ» በምትለው ቃል ነው። የተቀደደ ሸራ ይቀየራል። ሸራው ተቀዶ በቆየባቸው ዓመታት ውሃው የት ሲገባ እንደነበር ግን ፎቶው ላይ አይታይም።

(ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚጠቅመው አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🚗 የትኛዋ መኪና ናት?

ማዝዳ ይህችን ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ለሕዝብ ያሳየው በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ኤምኤክስ-5 ትባላለች፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ በሚለው ስሟ ትታወቃለች። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጥታለች።

ጣራ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ናቸው፦

👉 ኤንኤ (1989–1997)፦ የፊት መብራቷ ብቅ የሚለው። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ነው፤ በዚፕ ይከፈታል።
👉 ኤንቢ (1998–2005)፦ መብራቷ ቋሚ ነው። የኋላ መስኮቷ እውነተኛ መስታወት ሲሆን ጉም የሚያጠፋ ማሞቂያ አለው።

ደስ የሚለው ነገር የሁለቱ ጣራ ይወራረሳል። የኤንኤ ባለቤት ባለመስታወቱን ጣራ መግጠም ይችላል። ማሞቂያውን ለማሠራት ግን ተጨማሪ የሽቦ ሥራ ሊጠይቅ ይችላል።

💧 ውሃው የት ነው የሚሄደው?

ቤታችሁ ጣራ ጠርዝ ላይ ያለውን አሸንዳ አስቡት። ሚያታም አሸንዳ አላት። ሸራው ከኋላ ወደ ቦዲው በሚገባበት ቦታ፣ ከውስጥ በኩል፣ ዙሪያውን የሚሄድ የፕላስቲክ አሸንዳ አለ። የዝናቡ ውሃ በሸራው ላይ ወርዶ እሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ ተከፍሎ፣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባሉ ሁለት መውረጃ ቀዳዳዎች አልፎ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ከመኪናዋ ስር ይወጣል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ቅጠልና አቧራ መውረጃውን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣ ውሃ ወይ ምንጣፉ ስር ይተኛል፣ ወይ ከበሩ ስር ባለው ረጅም የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ያ ብረት ጌጥ አይደለም፤ ይህች መኪና ጣራዋ ሸራ ስለሆነ ጥንካሬዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከወለሏና ከእሱ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ እሱ ከበሰበሰ መኪናዋ ዓመታዊውን ምርመራ ልትወድቅ እንደምትችል ታውቃላችሁ።

ስለዚህ «ጣራው ያፈሳል» ሲባል ሁልጊዜ ጥፋቱ የሸራው ላይሆን ይችላል። መውረጃው ከተደፈነ አዲስ ሸራ ብትገጥሙም ምንጣፉ መራሱ አይቀርም። ገንዘቡም በከንቱ ይሄዳል።

🔍 ሳትገዙ በፊት

1. ሻጩን አስፈቅዱና ከመቀመጫው ጀርባ፣ የደህንነት ቀበቶው ከሚወጣበት አጠገብ ያለውን መውረጃ በባትሪ እዩ። ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ከወጣ ጥሩ ነው። ተመልሶ ከሞላ ተደፍኗል። ሁለቱንም ጎን ሞክሩ።
2. ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ በእጃችሁ ተጫኑት። እርጥበት ወይም የሻጋታ ሽታ አለ?
3. የኋላ ዕቃ መጫኛውን ክፈቱ። የነዚህ መኪኖች ባትሪ ያለው እዚያ ነው። ውሃ ወይም ዝገት ካለ ጠይቁ።
4. ከበሩ ስር፣ ወደ ኋላ ጎማው በሚጠጋው ጫፍ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ቀለሙ አብጧል? ትኩስ ጥቁር ቅባት ተቀብቶበታል? አንዳንዴ ቅባቱ የሚደብቀው ነገር ይኖራል።
5. ጣራውን ክፈቱና ዝጉት። የብረት አጽሙ ከተጣመመ አዲስ ሸራ አያስተካክለውም።

የተደፈነ መውረጃን ለመክፈት ጠንካራ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ቱቦውን ሊበሳው ወይም ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ለስላሳ የናይለን ገመድ ይሻላል።

🧵 የትኛውን ሸራ?

👉 ቪኒል፦ ርካሽ ነው፣ ለማጠብ ቀላል ነው። ኤንኤ ከፋብሪካ በብዛት የወጣችው በዚህ ነው።
👉 ጨርቅ፦ ይወደዳል፣ መልኩ ያምራል፣ የንፋሱንም ድምፅ በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል። ግን በየጊዜው ተጠርጎ ውሃ የማያስገባ መከላከያ መቀባት አለበት።
👉 መስኮት፦ ፕላስቲኩ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፣ ብርድ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የኤንኤ ባለቤት ጣራውን ከማውረዱ በፊት ዚፑን የሚከፍተው። መስታወቱ ዋጋው ቢጨምርም ዕድሜ አለው።

ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለየትኛው ዓመት ነው? አሸንዳው አብሮ ተያይዞ ይመጣል? የጎን መወጠሪያ ገመዶቹስ አሉበት? አሸንዳ የሌለው ርካሽ ጣራ ገዝታችሁ አሮጌውን የተሰነጠቀ አሸንዳ መልሳችሁ ብትገጥሙ ያው ናችሁ።

🔧 ራሴ ልግጠመው?

ይቻላል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሙሉ ቀንና አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከኋላ ሸራውንና አሸንዳውን ጨምቀው የያዙትን ብረቶች ዳዶ መፍታት፤ ግራና ቀኝ አጽሙን የያዙትን ብሎኖች መፍታት፤ ጣራውን ከነአጽሙ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ ጎማዎቹ ይወልቃሉ፣ ሪቬቶቹ በድሪል ይወጣሉ፣ አሮጌው ይገፈፍና አዲሱ በዚያው ቅደም ተከተል ይለብሳል።

ሦስት ምክር፦

✅ እያንዳንዱን እርምጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ማታ ላይ ያቺ ትንሽ ብረት የት እንደነበረች ማንም አያስታውስም።
✅ ሞቃት ቀን ምረጡ፤ አዲሱን ሸራ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ቀዝቃዛ ሸራ አይለጠጥም፣ መቆለፊያውም አልደርስ ይላል።
✅ የሸራውን መሃል ከአጽሙ መሃል ጋር ምልክት አድርጋችሁ አገናኙ። መጀመሪያ ላይ በትንሹ የተዛባ መጨረሻ ላይ በመስኮቱ ጠርዝ ያፈሳል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ የመኪና ወንበርና ጣራ ለሚሠራ ባለሙያ ስጡት። ግን የእጅ ዋጋው ከሸራው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ስለሚችል የመኪናዋን ዋጋ ስትከራከሩ ሁለቱንም ደምሩ።

አዲሱ ጣራ መጀመሪያ ላይ በጣም የጠበቀ ይሆናል። ለጥቂት ቀናት ዘግታችሁ ተዉት፣ ቅርጹን ይያዝ። ብሩሽ ባለው አውቶማቲክ ማጠቢያ አታስገቡት፤ የግፊት ውሃም ስፌቱ ላይ አታቅርቡ።

🏠 ጠንካራው ጣራስ?

ማዝዳ ለነዚህ መኪኖች ተነቃይ ጠንካራ ጣራም ሠርቷል፤ የኤንኤው ኤንቢ ላይ፣ የኤንቢውም ኤንኤ ላይ ይገጥማል። ለክረምት ምርጥ ነው። ነገር ግን ተፈላጊ ስለሆነ ያገለገለው ራሱ ከአዲስ ሸራ ጣራ በብዙ ይወደዳል። ለማንሳት ሁለት ሰው፣ ለማስቀመጥም ቦታ ይጠይቃል። አፓርታማ ለሚኖር ሰው ከባድ ነው።

በነገራችን ላይ ሆንዳ ኤስ2000 የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲክ መስኮት ነበራቸው፤ መስታወት የመጣው ከ2002 ሞዴል ጀምሮ ነው። ጣራዋ በሞተር ስለሚንቀሳቀስ ሥራው ከሚያታ ይለያል።

የተቀደደ ሸራ ኖሯት ከስሯ ደረቅና ጤነኛ የሆነች ሚያታ ጥሩ ግዢ ናት፤ ጣራውን አሳባችሁ ዋጋ አስቀንሱ። አዲስ ሸራ ለብሳ ምንጣፏ የራሰ ከሆነ ግን ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ቤት ተመለሱ።

እንዲህ ዓይነት መኪና ሊገዛ የተነሳ ጓደኛ ካላችሁ፣ ቀብድ ሳይከፍል በፊት ሼር አድርጉለት። 🙏