ፌስታሉን ፍቱት!

ዛሬ የምናወራው ስለ ቆሻሻ ነው። «ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ስለ ቆሻሻ?» እንዳትሉኝ፤ የእያንዳንዳችንን ቤት ይመለከታል።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባዶውን ጠርሙስ፣ ጣሳና ካርቶን በፌስታል ቋጥሬ የሪሳይክል በርሜል ውስጥ ስጥል ዓመታት አልፈዋል። ትልቅ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ከክፍሏ ልጆች ጋር የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ጎብኝታ መጣችና «አባዬ፣ በፌስታል የታሰረውን እኮ አይፈቱትም፤ እንዳለ ነው የሚጥሉት» አለችኝ። አላመንኳትም። ጠይቄ ሳጣራ ግን እውነቷን ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በብዙ ጣቢያዎች ወረቀቱን ከጠርሙሱ የሚለየው የሚሽከረከር ማሽን ነው። ፌስታል ሲገባበት እንደ ክር ይጠመጠምበታል። ያኔ ሠራተኞቹ ማሽኑን አቁመው በቢላዋ እየቆረጡ ያወጡታል። የታሰረ ፌስታል ውስጥ ምን እንዳለ ስለማይታወቅም ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል።

ሙያዬ ሒሳብ ነውና ትንሽ ላስላ። የአሜሪካ መንግሥት ለ2018 ባወጣው አኃዝ መሠረት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 4.9 ፓውንድ ቆሻሻ ያወጣል። አራት ሰው ያለበት ቤት በቀን 19.6፣ በዓመት 7,154 ፓውንድ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ እንደገና ለሥራ የዋለው ወይም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ የተለወጠው 32 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንድ የአሉሚኒየም ጣሳ ግን እንደገና ሲሠራ፣ ከማዕድኑ አዲስ ለመሥራት ከሚፈጀው ኃይል 95 በመቶውን ያህል ይቆጥባል።

ታዲያ እቤት ምን እናድርግ?

1. ጠርሙስና ጣሳውን ለቅለቅ አድርገን፣ ያለ ፌስታል በርሜሉ ውስጥ እንጨምር። ወጥ ወይም ዘይት የነካው ወረቀት ንጹሑንም ያበላሻል።
2. ላስቲክ ላይ ያለው የሦስት ማዕዘን ምልክትና ቁጥር የላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው፤ «ሪሳይክል ይሆናል» ማለት አይደለም። የምንኖርበት ከተማ የትኛውን እንደሚቀበል እናንብብ። ወላጆች የሚቸገሩ ከሆነ፣ ልጆች፣ እናንተ አንብቡላቸው።
3. የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተረፈ እንጀራ ከመሬት በታች አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። ጓሮ ያለው ሰው ብስባሽ ቢያደርገው ለጎመኑ ይሆነዋል።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ አንረሳውም። ቆራሌው ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና አሮጌውን ጫማ ከየቤቱ ይገዛል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያ አሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ሳይለይ የተጣለው ሁሉ ግን ከ50 ዓመት በላይ ቆሼ ላይ ሲከመር ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ አጠገቡ ይኖሩ የነበሩ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ጣልነው ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል።

የቤት ሥራ፦ ልጆች፣ በዚህ ሳምንት ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ሆናችሁ ከቤታችሁ ስንት ፌስታል ቆሻሻ እንደሚወጣ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ለይታችሁ ጣሉና እንደገና ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ።

አዲስ ቃላት
ልጣጭ – ከአትክልት ወይም ከፍራፍሬ ላይ የሚላጥ ሽፋን
አተላ – ከቡና ወይም ከጠላ ሥር የሚቀር ዝቃጭ
ብስባሽ – በስብሶ ለአፈር ማዳበሪያ የሚሆን ነገር

ቸር ሰንብቱ!