ያውቁ ኖሯል? ጥሉላት የሌለበት የአረንጓዴ ሻይ አይስክሬም

ማቻ የተባለው የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ከሌላው ሻይ የሚለየው፣ ቅጠሉ ተነክሮ የሚጣል ሳይሆን እንዳለ ተፈጭቶ የሚጠጣ በመሆኑ ነው፤ ተክሉም ከመለቀሙ አስቀድሞ 3 ሳምንት ያህል በጥላ ተጋርዶ ስለሚቆይ፣ ኅብሩ የለመለመ፣ ጣዕሙም የለዘበ ይሆናል። በጃፓኗ የኡጂ ከተማ ዛሬም በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጨው በዝግታ ነው፤ አንዱ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው ከ40 ግራም እምብዛም አይበልጥም።

ይህን ዱቄት በቤቱ አይስክሬም ሊያደርገው የወደደ ሰው፣ በላም ወተት ፈንታ እያንዳንዱ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 2 ጣሳ ስቡ ያልተቀነሰ የኮኮናት ወተት ከ150 ግራም ስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር ለብ አድርጎ ያሟሟል። ማቻ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ ይቆያል እንጂ አይሟሟምና፣ 2 የሾርባ ማንኪያውን በወንፊት ነፍቶ፣ በመጀመሪያ ከጥቂቱ ወተት ጋር እንደ ለጋ ሊጥ እስኪልም በትዕግሥት ማሸት ይገባል፤ በአንድ ጊዜ የተደፋ እንደሆነ ግን ይጓጉላል፣ መራራ ጓሉም ከምላስ ላይ ይገኛል። ስኳሩም ለማጣፈጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ውሃው ፈጽሞ እንዳይጠጥር የሚከለክለው እርሱ ነውና፣ የቀነሰው ሰው ልስላሴውንም አብሮ ያጣል።

የላመው ማቻ ከቀረው ወተት ጋር ተዋሕዶ ከቀዘቀዘ በኋላ በበረዶ ቤት ገብቶ፣ 3 ሰዓት ያህል በየ30 ደቂቃው ሲማሰል የበረዶው ቅንጣት ይደቅቃል። በዐቢይ ጾም 55 ዕለታት ከጥሉላት ለሚታቀብ ምእመንም የተፈቀደ ነው። ሲያቀርቡት 10 ደቂቃ ቀደም ብለው ያውጡት።