የጉና ቁልቁለትና የአሮጌ ቮልስ ፍሬን

አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል አብሯቸው ተነሣ። 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባለው መድፍ በሠረገላ ሆኖ በጋይንትና በዋድላ ደላንታ አድርጎ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። የዚህ ጉዞ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የዳገቱን ጉተታ ነው። የጅጣና የበሽሎ ሸለቆ ላይ ግን መከራው ተገላቢጦሽ ነበር፤ መድፉ ቁልቁል እንዳይነጉድ ከኋላ በጠፍር ገመድ ወጥረው የያዙት ሰዎች ነበሩ። ፍሬኑ የሰው ክንድ ነበር።

ዛሬም በዚያ አገር መኪና የሚፈተነው ሲወርድ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ሥር ካለችው ከገሳይ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚወርድ ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መንገዱ ከ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አራት ሰው የጫነች ቮልስ ይህን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ለማፍላት ከሚበቃው ይተርፋል። ማርሽ ያስገባ ሾፌር የሙቀቱን ድርሻ ለሞተሩ ያካፍላል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፎሌ ያደረገ ግን ሁሉንም በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

የድሮ መኪኖች ፍሬን ታምቡር ነው። ከጎማው ጋር የሚሽከረከር የብረት ከበሮ አለ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጡ ያሉት ሁለት ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ግድግዳውን ይፈትጋሉ። አሠራሩ ብልሃት አለው። ከበሮው ሲዞር የፊቱን ሸራ ይዞ ወደ ራሱ ስለሚስበው፣ እግር የሰጠው ጉልበት እዚያው ይበረታል፤ ለዚህ ነው ያለ አጋዥ ሰርቮ ሲሠራበት የኖረው። ጣጣው የሚመጣው ሲግል ነው። የጋለ ከበሮ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። ሙቀቱ ታፍኖ ስለሚቀር ሸራው ይቃጠላል። ቁልቁለት ላይ የሚሸተው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ይኸው ነው። ፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ የሾፌሩ እግር ባዶ ይረግጣል። ያን ጊዜ ነው «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው።

ዲስክ ፍሬን ይህን ሁሉ ገልጦ ያወጣዋል። አንድ ዝርግ ብረት ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ካሊፐሩ በሁለት ሸራ ግራና ቀኝ ይጨብጠዋል። ዲስኩ ነፋስ ያገኘዋል፤ ሲግል ቢወፍርም የሚወፍረው ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው አይርቅም። ውሃና ጭቃም ሲሽከረከር ይወረውራል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም፣ ዓለም ያመነበት ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማን ውድድርን በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው።

ከታምቡር ወደ ዲስክ ለሚደረገው ለውጥ ቮልስ ከሌሎች ይልቅ የተመቸች ናት፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ራሱ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ለአውሮፓ ገበያ የወጣችው ባለ 1500 ሞተር ቮልስ የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፤ ስለዚህም ሰርቮ አላስፈለጋትም።

ሥራው ግን ታምቡር ፈትቶ ዲስክ መግጠም ብቻ አይደለም። የቆዩት ቮልሶች ቸርኬ በአምስት ቡሎን ይታሰራል፤ የ1500ዋ ዲስክ ባለ አራት ቡሎን ነው። የፊቱ ብቻ ከተለወጠ አንዱ ትርፍ ጎማ ለፊትም ለኋላም አይሆንም፤ ገሳይ አጠገብ ጎማ የፈነዳበት ሰው ደግሞ ይህን በጨለማ ነው የሚረዳው። የፍጥነት መለኪያው ሽቦ በግራው የፊት ጎማ እምብርት ውስጥ አልፎ ጫፉ በቅባት ክዳኑ ላይ ይታሰራል። አዲሱ ክዳን ቀዳዳ ከሌለው መለኪያው ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው የፍሬን ማስተሩን አለመለወጥ ነው። የታምቡር ማስተር ቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት ያስቀራል፤ ያ ግፊት ዲስክ ላይ ሸራውን ሳይለቅ ያስጎትተዋል። ፍሬኑ ሳይረገጥ ይግላል።

ታምቡሩ ሲፈታ የሚወጣውን አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። አቧራው መነሣት የለበትም፤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ።

ፊቷ ለከበደች መኪና፣ ለምሳሌ አራቱም ፍሬኗ ታምቡር ለሆነው የድሮ ላንድሮቨር፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን አያግዝምና ሰርቮ ይፈልጋል። ሰርቮ ደግሞ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ረባዳ አገር ላይ የበቃ አነስተኛ ሰርቮ እዚህ ፔዳሉን ያከብደዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ ከውጭ ሲገዛ ከፍ ያለውን መጠን መምረጥ ይሻላል።

የኋላውንም ለመለወጥ መቸኮል አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ፊያቷ አራቱም ዲስክ ነበራት፤ ሶቪየቶች ግን የገጠር መንገዳቸውን አይተው የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት። ጭነቱ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፤ የእጅ ፍሬንም ታምቡር ላይ ይጠነክራል።

ሁሉም ተገጥሞ፣ አየሩ ወጥቶ፣ አዲስ ፍሬን ዘይት ከተሞላ በኋላ መጀመሪያ ደልዳላ ላይ ይሞከራል። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ደጋግሞ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ማብረድ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያላምደዋል። ከዚያ ወደ ወረታ መውረድ ይቻላል። መንገዱ ላይ ባለችው ዓለም በር ቆም ብሎ እጅን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ማስጠጋት ነው። ሁለቱም እኩል ከሞቁ ጉዞው ይቀጥላል፤ አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ካሊፐሩ ይዟል፣ እዚያው መፈታት አለበት።