ዘበኛው መድኃኒቱን ሲጠረጥር

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ። አንዱ የሰፈራችን ልጅ እዚያ ካላዛር ያዘውና ታከመ። «መድኃኒቱ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ደረቴን ጠፍንጎ ያዘኝ፤ መርፌውን ነቅዬ ልሄድ ነበር» አለኝ። የሚያድን መድኃኒት እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

መድኃኒቱ አምቢሶም ይባላል። በውስጡ ያለው አምፎቴሪሲን ቢ የካላዛርን ተውሳክ ይገድላል፤ ነገር ግን እንዲሁ ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ሊፖዞም በሚባሉ፣ ከ100 ናኖሜትር በሚያንሱ የስብ ከረጢቶች ተሸጉጦ ይሰጣል።

በደማችን ውስጥ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ይዞራሉ። የሰውነት ዘበኞች ናቸው ማለት ይቻላል። እንግዳ ነገር ሲያገኙ ዋናው ፕሮቲን፣ ሲ-3፣ ለሁለት ይሰነጠቃል። ትልቁ ቁራጭ እንግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ማክሮፋጅ የተባሉ በላተኛ ሴሎችም በዚያ ምልክት ለይተው ይውጡታል። ትንሹ ቁራጭ ግን እንደ ዘበኛ ፊሽካ ነው፤ ሂስታሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። የስቧ ከረጢትም እንግዳ ናትና አንዳንዴ ፊሽካው ይነፋባታል። ደረት የሚጠብቀው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የሚገርመው ግን የካላዛር ተውሳክ የሚደበቀው እዚያው ማክሮፋጅ ውስጥ ነው፤ በጣፊያና በጉበት። በላተኛው ሴል ከረጢቷን ሲውጥ መድኃኒቱን ጠላት ቤት ድረስ ያደርስልናል። መዋጧ ይጠቅማል፤ የሚያስቸግረው ፊሽካው ነው።

ታዲያ በዚህ ፈርቶ ሕክምናውን ማቋረጥ አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ኤችአይቪም ካላዛርም ያለበት ሰው አምቢሶምን ስድስት ጊዜ፣ ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር እንዲወስድ ይመክራል። ለዚህ መሠረት የሆነው ጥናት የተካሄደው እዚሁ አገራችን፣ ጎንደርና አብዱራፊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደንግጦ የሄደ ሰው አምስቱ ይቀሩበታል። ያልታከመ ካላዛር ደግሞ ከ100 ሰው ከ95 በላዩን ይገድላል።

ስለዚህ መድኃኒቱ እየገባ ደረት ከጠበቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ጎን ከወጋ ዝም ማለት አያስፈልግም፤ መርፌ መንቀልም አይደለም። ነርሷን መጥራት ነው። ጠብታው ይቆማል፤ የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ቶሎ ይለቃል። ከዚያ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቀስ ተብሎ ይቀጠላል።