ጠባሳ የሚመስለው እባጭ

በሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሥራ ያየ ሰው፥ ድርና ማጉ ከተጠላለፈ በኋላ አንዱን ክር ብቻ ነጥሎ መምዘዝ እንደማይቻል ያውቃል። ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነውም የነቀርሳ ዓይነት ጠባዩ ይኸው ነው። ስሙ ደርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ ይባላል። ስሙ ቢያስደነግጥም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ደርማ በግሪክ ቆዳ፥ ፋይብራ በላቲን ክር፥ ሳርክስ በግሪክ ሥጋ፥ ፕሮቱበራንስ ወደ ውጭ ያበጠ ማለት ነው። (የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ከሕክምና መጽሐፍ የሚያገኘው ትርፍ ይህ ነው።) በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ዳርዬና ፌራን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጽፈውበታል፤ ስሙን በ1925 ያወጣለት ጀርመናዊው ሆፍማን ነው።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በአሜሪካ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው 4 ያህሉን ይይዛል። እዚያ ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ ይበዛል። በይበልጥ የሚታየው ከ20 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለ ሆነ እኛም ከቍጥሩ ውስጥ ነን። በደረት፥ በጀርባ ወይም በትከሻ ላይ ጠጠር ያለች እብጠት ሆኖ ይጀምርና ለዓመታት በዝግታ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ስለማያምም ማን ይቸኵልለታል? አንዱ ጠባሳ ነው፥ ሌላው ሞራ ነው ይለዋል።

ዋናው ችግር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከላይ በምትታየው እብጠት ዙሪያ ቀጫጭን ሥሮች በቆዳው ሥር ባለው ስብ ውስጥ እንደ ክር ይሰራጫሉ። እብጠቷን ብቻ ለቅሞ ማውጣት ስለዚህ አይበቃም፤ የቀሩት ክሮች ከጠባሳው ሥር እንደ ገና ያብጣሉ። ቀዶ ሐኪሞች ከእብጠቷ ዳር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምረው፥ ወደ ታችም ጡንቻውን እስከሚሸፍነው ልባስ ድረስ የሚቈርጡት ለዚህ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው ከመቶ ከ5 በታች ነውና በሚገባ የተቈረጠለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

የተቈረጠው ሥጋ ግን ከቆሻሻ ጋር ሊጣል አይገባውም! በፎርማሊን ተነክሮ ወደ ፓቶሎጂ ሐኪም ይላካል። እርሱም በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሴሎቹ እንደ ሰሌን ተጠላልፈው ያገኛቸዋል፤ ዳሩ ንጹሕ መሆኑንም የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው። በጉለሌ ለምንኖር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙም የፓቶሎጂ ሐኪሙም በዚያው አሉ። በትንሽ ክሊኒክ የሚያስቈርጥም ቢሆን «ሥጋው ወዴት ይላካል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መነሻው በአብዛኛው የ17ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቍራጮች መለዋወጥ ነው፤ ከዚህ የተነሣ ሴሉ ያለማቋረጥ «እደግ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ይህን ትእዛዝ የሚያግደው ኢማቲኒብ የተባለ የደም ነቀርሳ መድኃኒት በ2006 በአሜሪካ ለዚህም በሽታ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደውም በቢላዋ ሊወጣ ለማይችለው፥ ለተመለሰው ወይም ለተዛመተው ነው። የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ስለ ሆነ፥ ቍስሉ ከዳነም በኋላ ሐኪሞች በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ጠባሳውን በእጃቸው ይዳስሳሉ።