ከዳሱ በር አጠገብ

በወለጋ፣ ጊዳ አያና ውስጥ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የትኛው መቀመጫ የማን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ፓስተሩና ባለሥልጣኑ ወደ ላይ፣ ወጣቱ ወደ በሩ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተናገረውም ስለዚሁ ነገር ነው፤ የተጠራ ሰው የክብሩን ቦታ አይምረጥ፣ ዝቅ ካለው ይቀመጥ ይላል።

ነገር ግን በር አጠገብ ተቀምጦ «ኧረ እዚህ ምን ያደርጋሉ፣ ወደ ላይ ይምጡ እንጂ» እስኪባል የሚጠባበቅም አለ። ካልተባለ ቅር ብሎት ይወጣል። መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ልቡ ግን ከሁሉ በላይ ነው። የሚጮኸውን ትዕቢት ማንም ያየዋል፤ የሚያስቸግረው ትሕትናን የለበሰው ነው።

ትዕቢት የተቀበሉትን ከራስ እንደመጣ መቁጠር ነው። ያስተማረን ሰው ይረሳል፣ ጸጋውን የሰጠው ይረሳል፣ ሌሊት ተነሥታ ለጉባኤው እንጀራ የጋገረችው ትረሳለች። ትሕትና ደግሞ እውነቱን ማወቅ ነው። መልካም ድምፅ ያለው ዘማሪ «እኔ ምን እችላለሁ» ቢል ትሑት አይሆንም፤ ስጦታውን ደበቀ እንጂ።

ትሕትናን ራስን ከመናቅ ለይቶ ማወቅ ለወለጋ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ለተናቀ ሰው «ትሑት ሁን» ማለት ብዙ ጊዜ «ዝም በል» ማለት ሆኖ ኖሯልና። አናሲሞስ ነሲብን እናስታውስ። በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብለው ተወለዱ፤ የስሙ ትርጉም «ተርጓሚ» ነው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠመቁ የወጣላቸው ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው፤ በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው። እኚህ ሰው ባርነትን በትሕትና ስም አልተቀበሉም። የሕዝባቸው ቋንቋ የእግዚአብሔርን ቃል መሸከም ይችላል ብለው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አፋን ኦሮሞ መለሱ፤ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ እንዳይሰብኩ ቢከለከሉም ነቀምቴን አልለቀቁም፤ በ1931 ያረፉትም እዚያው ነው። ለእኔ ትሕትና ማለት ይህ ነው፦ ራስን ሳይንቁ ለሌላው መጥቀም።

ያ ሥራ ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። እንደ እሳቸው ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፣ ተረትና ዘፈን ከትውስታዋ ጻፈች፣ ለትርጉሙም ቃሉን ከነለዛው አቀበለች። ሆኖም ለብዙ ዘመን የሚጠራው የእሳቸው ስም ነበር። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ታደርጋለች። ሰባኪው ይመሰገናል፣ አዳራሹን የጠረገችው አትጠራም።

እንግዲህ ትዕቢትን በምን እናሸንፈው? «ትሑት ልሁን» ብሎ መጣጣር ብዙ አይረዳም፤ ዓይን ተመልሶ ራስ ላይ ይተከላልና። ሥራውን መያዝ ይሻላል። ስንመሰገን አብሮን የለፋውን በስሙ መጥራት፤ ከእኛ የሚያንስ ሲያርመን ምክንያት ሳንደረድር መስማት፤ የበደልነውን ሰው ሽማግሌ ሳንጠብቅ ደጁ ድረስ ሄዶ «አጥፍቻለሁ» ማለት። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ኦርቶዶክሳዊው ለንስሐ አባቱ የሚናዘዘውም ለዚሁ ይረዳዋል፤ ብቻችንን ስንሆን ጥፋታችንን ማሳነስ ይቀናናልና።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ዓይናችን ሁልጊዜ የሚያርፈው በሚያጥበው ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ግን ነገሩ የከበደው ለጴጥሮስ ነበር። መምህሩ እግሩን ሊያጥብ ሲመጣ እንቢ አለ። አገልጋይ መሆን ሳያስቸግረው፣ መታጠብ አስቸገረው። ለሌላው መስጠት የሚወድ፣ እርዳታ መቀበል ግን የሚያፍር ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ሲታመም እንኳ ጎረቤት እንዲያውቅበት አይፈልግም። ጴጥሮስ በመጨረሻ እግሩን ዘረጋ።