መለኪያን በመለኪያ መመርመር ለነጋዴ ያለው ጥቅም

ሚዛኑን ሳይመረምር የሚሸጥ ወይም የሚገዛ ነጋዴ ትርፉንና ኪሳራውን አጣርቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የሚዛኑን እውነተኛነት፣ ክብደቱ በተረጋገጠ የሚዛን ድንጋይ በየጊዜው ይፈትናል። በኤሌክትሪክ ዕቃ ንግድ የተሰማራ ሰውም እንደዚሁ የራሱ ሚዛን አለው፤ ይኸውም በገበያ ቴስተር፣ በትክክለኛ ስሙ መልቲሜትር የሚባለው መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ ሚዛኑን የሚፈትነው ነጋዴ ቴስተሩን ለመፈተን እምብዛም አያስብም፤ አኃዙ ጥርት ብሎ ስለታየው ብቻ እውነት ይመስለዋል።

ከዚህ የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት የመኪና ባትሪ ንግድን መመልከት ይበቃል። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ሲለካ፣ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ቮልት ገደማ ሲያሳይ ኃይሉ ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው። በሙሉውና በግማሹ መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ቮልት ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ቴስተሩ 0.4 ቮልት አሳንሶ የሚያነብ ቢሆን፣ አስመጪው ደኅናውን ባትሪ ሁሉ እንደ ደከመ ቆጥሮ ከላኪው ጋር በከንቱ ይከራከራል። አብዝቶ የሚያነብ ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የደከመው ባትሪ እንደ ሙሉ ተቆጥሮ በመጋዘን ይቀመጣል። ሳይሞላ ለረጅም ጊዜ የቆየ የሊድ አሲድ ባትሪም በሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረበት ዕድሜው ያጥራል። በመጨረሻም ደንበኛው የዋስትና ወረቀቱን ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

የዚህ መድኃኒቱ ማመሳከር ነው። ለማመሳከሪያ የሚመረጠው ዲጂታል መልቲሜትር ከሚፈተነው መለኪያ እጅግ የበለጠ ትክክለኛ ሊሆን ይገባዋል፤ በሥራው የተለመደው ደንብ ቢያንስ አራት እጥፍ ይላል። በሱቁ ቴስተር ላይ እስከ 0.2 ቮልት ስሕተት የሚፈቀድ ከሆነ፣ የማመሳከሪያው ስሕተት ከ0.05 ቮልት ማለፍ የለበትም።

ይህም ከመሣሪያው መግለጫ በስሌት ይገኛል። መግለጫው «ከንባቡ 0.5 በመቶ ሲደመር 2 አኃዝ» የሚልና ንባቡ 12.60 ቮልት ቢሆን፣ 0.5 በመቶው 0.063፣ ሁለቱ የመጨረሻ አኃዞች ደግሞ 0.02 ይሆናሉ፤ ድምሩ 0.08 ቮልት ያህል ስለሆነ መሣሪያው ለዚህ ማመሳከሪያ አይበቃም። «0.1 በመቶ ሲደመር 2 አኃዝ» የሚል ግን ስሕተቱ 0.03 ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ ይበቃል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ንባብን ያዛባልና። ሁለተኛ፣ የውስጥ ባትሪያቸው ይመረመራል፤ የውስጥ ባትሪው የደከመ መልቲሜትር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። ሦስተኛ፣ ሁለቱም በቀጥተኛ ቮልት ላይ ተደርገው፣ የየራሳቸው ሁለት ጫፎች ሲነካኩ ዜሮ ማሳየታቸው ይታያል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባትሪ ጋር ይያያዛሉ፤ ቀዩ ከአዎንታዊው፣ ጥቁሩ ከአሉታዊው ጫፍ ጋር። ቀዩ ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ ተሰክቶ እንዳይሆን አስቀድሞ መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ባትሪው በመሣሪያው በኩል አጭር ዙር ይፈጥርና ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል።

በአንድ ነጥብ ብቻ መፈተን አይበቃም። ሁለት፣ አራትና ስምንት ደረቅ ድንጋዮች በተከታታይ ቢያያዙ በግምት 3፣ 6 እና 12 ቮልት ስለሚሰጡ፣ በሦስቱም ላይ ንባቡ ሦስት ሦስት ጊዜ ተወስዶ በመዝገብ ይጻፋል። ማመሳከሪያው 12.64፣ የሱቁ ቴስተር 12.24 ቢያሳይ ጉድለቱ 0.40 ቮልት ነው።

ጉድለቱን ማወቅና መሣሪያውን መጠገን ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ነጋዴው የመሣሪያውን ሆድ ከፍቶ ቡሎን ማዞር አይገባውም፤ ጉድለቱን በወረቀት ጽፎ በመሣሪያው ላይ ይለጥፍ፣ ወይም ለባለሙያ ይስጥ። የ220 ቮልቱን የመብራት መስመር መለካትም የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

ማመሳከሪያው ራሱ ደግሞ የሚመረመርበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ በዚህ ዓይነቱ ተቋም የተመረመረ መሣሪያ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በየዓመቱ ማስመርመርም በብዙ ዘንድ የተለመደ ነው።

ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለአንዳንዱ ነጋዴ ከንቱ ወጪ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ቀኑና ንባቡ የተጻፈበት መዝገብና የምስክር ወረቀት ያለው ነጋዴ፣ ከላኪውም ሆነ ከደንበኛው ጋር ክርክር በተነሣ ጊዜ በማስረጃ ይናገራል፤ ይህ የሌለው ግን የሚያቀርበው የራሱን ቃል ብቻ ነው።